ነዚፍን ጠይቁ

አዲሱ እትም መጣ፣ ከሻጩ ኩባንያ፣
ከደብዳቤ ጋራ፣ ከአርባ ገጽ መመሪያ፦
«ጭነታችሁ ይቅለል፣ አሮጌው ይሰረዝ፣
አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ ሥራችሁ ይጓዝ።»

አንድ ቁልፍ!
እነሱ ምን ያውቃሉ፣ እዚህ ስንት ሌሊት፣
ከአዌቱ ማዶ፣ ከውሃ ቢሮው ቤት፣
ዝናሙ በጣሪያው ላይ በቆሎ ሲቆላ፣
የእነሱን ልብስ ይዘን ለኛ ገላ ስናላላ።

ጳጉሜን አያውቅም ነበር፣ አሥራ ሁለት ወር ነው የቆጠረው፤
የአምስት ቀን ውሃ ማን ይክፈል? እኛ ነን ያስተማርነው።
የአያት ስም አይቀበልም፣ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤
ነዚፍ አባ ዱራ፣ ከስንቱ ነዚፍ በምን ይለያል?
እሱንም አስተካከልን።
ሰዓቱን ከንጋት ጀመርን።
ደረሰኙን በቁቤም በፊደልም አተምን።

አሁን ሦስቱም ስክሪኔ ላይ ናቸው፣ ጎን ለጎን ተደርድረው፦
የድሮው መነሻ፣ የእነሱ አዲስ፣ እኛ የጠጋገንነው።
ልክ እንደ ጅማ በርጩማ፣ ሦስት እግር ነው ያለው፤
አንዱ ካጠረ፣ የተቀመጠው ሰው ነው የሚያዘነብለው።

ማሽኑ የተስማማውን በራሱ አዋሐደ፣
የተጋጨውን ለኔ ጥሎ ወደ ጎን ሄደ።
«የኛ» ይላል ከላይ፣ «የነሱ» ይላል ከታች፤
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ጠብ፣
ያለ ሽማግሌ አንዲት ዳኛ ተቀመጠች።

እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዱን በልጠውናል።
አርባ መስመር ነበረኝ፣ የሳንቲም ማጠጋጊያ፣
የኮራሁበት፣ ለአዲስ ተቀጣሪ ማሳያ፤
እነሱ በሦስት መስመር ጨርሰውታል።
አጠፋሁት።
ጥርስ እንደተነቀለ፣ ምላሴ እስካሁን ክፍተቱን ይዳስሳል።

መቶ ዘጠና አንደኛው ላይ ስደርስ፣
አንዲት መስመር አገኘሁ፣ ያለ ወላጅ፣ ያለ ዋስ፦
ቆጣሪ ቁጥር አርባ አራት አሥራ ሰባት ከሆነ፣ ለሦስት አካፍል።
ከጎኗ ማስታወሻ፦ «አትንኩ። ነዚፍን ጠይቁ» የሚል።

ነዚፍ ከለቀቀ አራት ዓመቱ ነው፤
አጋሮ መንገድ ላይ የእንጨት መሰንጠቂያ ነው ያለው።
ሲነጋ ደወልኩለት። ከኋላው መጋዝ ይጮሃል።
«ሒክማ ነሽ እንዴ? አርባ አራት ምን?
ወላሂ ረስቼዋለሁ» ብሎ ይስቃል።
ደብዳቤው ደግሞ «አንድ ደንበኛ፣ አንድ ቆጣሪ» ብሏል፤
ደንቡ ንጹሕ ነው።
መስመሯ ብትጠፋ ማን ይጠይቃል?

ልሰርዛት ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።
ቆጣሪ አንባቢው ተማም ገባ፣ ቦት ጫማው ጭቃ እንደለበሰ፤
ቁጥሩን ሳነብለት መዝገቡን እንኳ አላገላበጠ፣ አልዳሰሰ።

«እሷማ ጊንጆ ናት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፤
ሦስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ።
ሁለቱ አይነጋገሩም፣ በአጥር ተጣልተው።
ሂሳቡ በአንድ ሲመጣ፣ አንተ ክፈል፣ አንቺ ክፈይ ነው፣
መጨረሻው ቀበሌ ነው።
ለሦስት ተካፍሎ ሲደርሳቸው ግን፣ ዝም ብለው ይከፍላሉ።»

ይህን ብሎ ቦርሳውን አነገተ።
እኔ ስክሪኑን አየሁ።
ሁለት ቃል። ለሦስት አካፍል።
ስንት እርቅ ነው፣ ስንት ዓመት፣ ማንም ሳያየው የዋለ።

ወደ አዲሱ እትም አሻገርኳት፣ በገዛ እጄ፣
«ነዚፍን ጠይቁ» የሚለውን ሰርዤ።
«ሒክማን ጠይቁ» ብዬ ጀመርኩ፤
ከዚያ ጣቴን ሰበሰብኩ።
እኔም ነገ እለቅ ይሆናል። እኔም ስልኬን ይዤ፣
የሆነ ቦታ፣ የሆነ መጋዝ እየጮኸ፣ እስቅ ይሆናል።
ስለዚህ ስሜን ተውኩና ምክንያቷን ጻፍኩ፦

ጊንጆ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ሦስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ።
ሁለቱ አይነጋገሩም።
ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው።

የቀሩኝ ሃያ አምስት ናቸው።